ውሃ ላይ የቆመ ነዶ

ከደቡብ ከተሞች የሚመጡ አስጎብኚዎች በሚያሳትሙት ባለ ቀለም ወረቀት ላይ እንደተጻፈው ከሆነ ያ የሐይቅ አገር «የሰው እግር ያልረገጠው» ነው። ዴልፊን ዋቡስ እግር ይኑራት አይኑራት ማንም መጥቶ አልጠየቃትም። ሰው በማይኖርበት በዚያ አገር ኀምሳ ስምንት ዓመት ኖራለች። አምስት ልጅ ወልዳበታለች፣ ባል ቀብራበታለች፣ የግራ እግሯን አውራ ጣት ጥፍር ያወለቀውን ድንጋይም ለሚጠራጠር ሰው ወስዳ ታሳያለች።

ልጅ ሳለች በጀልባ ጭነው መነኮሳት ወደሚያስተምሩበት ቤት ወሰዷትና ሰባት ዓመት አስቀመጧት። በሰባት ዓመት ሁለት ነገር ሊያስተምሯት ደከሙ፤ ኮሌታ መተኮስና ዝም ማለት። ኮሌታ መተኮሱ ገብቷታል። ዛሬም በመንደሩ ክሊኒክ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የነርሶቹን ካፖርት እጥፋት እንደ ቢላዋ ስለት አድርጋ የምታወጣው እሷ ናት። ዝም ማለቱን ግን ገና ከግቢው በር ሳትወጣ ጥላው መጣች፤ ያነሳላትም የለም።

አንደበቷ ይበልጥ የሚሳለው ከኢሲዶር ጋር ስትገናኝ ነው። ኢሲዶር የሟቹ ባሏ የኦነዚም ታላቅ ወንድም ነው፤ ስልሳ ሦስት ዓመቱ፣ ሁለት ጉልበቱ የማይስማሙ፣ ጥርሱን ለበዓል ብቻ የሚያደርግ ሰው። እሱም እሷን፣ እሷም እሱን «ዋርሳዬ» ይባባላሉ። የሐይቁ አገር ተወላጅ በሆነው ወገናቸው፣ በአኒሺናቤ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ዋርሳና ዋርሳ ሲገናኙ መዘላለፍ ግዴታቸው ነው። ሁለት ዋርሶች በትሕትና ሲነጋገሩ ያየ ሰው «እነዚህ ምን ቢጣሉ ነው?» ብሎ ይደነግጣል። ዴልፊንና ኢሲዶር ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም፤ ይህም ማለት አንድም ቀን መልካም ቃል ተለዋውጠው አያውቁም ማለት ነው።

በዚያ መስከረም ዴልፊንን እንቅልፍ የነሳት ሩዝ ነበር። ሩዝ ሲባል ከሱቅ በላስቲክ ታሽጎ የሚመጣው ነጭ የዝንብ እንቁላል እንዳይመስል። ይኼኛው ማንም ሳይዘራው ከሐይቅ ወለል የሚበቅል፣ ከውሃው በላይ በሰው ቁመት የሚቆም፣ ፍሬው ጠቁሮ እንደ ጥድ ቅጠል የሚረዝም፣ ሲበላ ጭስና ሐይቅ የሚሸት ነው። የኦነዚም ቤተሰብ ይህን ሩዝ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚሰበስብበት ከሰፊው ሐይቅ ማዶ ተደብቆ የተኛ አንድ የውሃ ጎን አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሐይቆቹን ውሃ በግድብ የሚይዘው መሥሪያ ቤት በሰኔ ውሃውን እየለቀቀ ቡቃያውን አሰመጠው። በአራተኛው ዓመት በሩን የሚከፍተው ሹም ለእረፍት ሄዶ ኖሮ ቁልፉን የሚነካ ጠፋ፤ ሩዙም ያለ ፈቃድ በቀለ። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሲሰማ «የተሳካ የውሃ አያያዝ» የሚል፣ ፈገግ ያለች ዳክዬ የተሳለችበት ወረቀት አሳትሞ በየቤቱ አደለ። ዳክዬዋ ምን እንዳስፈገጋት ወረቀቱ አይገልጽም።

በነሐሴ አጋማሽ ዴልፊን ብቻዋን ወደዚያ ወርዳ ሩዟን አሰረች። የድሮ ሴቶች እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ቁመው ያሉትን አገዳዎች እቅፍ እቅፍ እየሰበሰቡ፣ ጫፋቸውን ወደ ታች አጉብጠው በዛፍ ልጥ ይጠፍሯቸዋል፤ ፍሬው በነፋስ እንዳይረግፍ፣ ወፍም እንዳይለቅመው። አሁን የሚያስር የለም፤ ሰዉ ቸኩሏል። ወዴት እንደሚቸኩል ቢጠየቅ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። መንደሩ ሳቀባት። «ዴልፊን ለሐይቁ ሹሩባ ልትሠራ ሄደች» አሉ። እሷ ግን አርባ አንድ ነዶ ውሃ ላይ አቁማ ተመለሰች።

ይህን ያህል የደከመችው ያለ ምክንያት አይደለም። ኦነዚም ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ሐዘን የሚወጣበት ግብዣ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ግብዣ መጀመሪያ የሚሞላው የሟቹ ሳህን ነው፤ በሳህኑ ላይ የሚቀመጠውም የገዛ ውሃው ሩዝ መሆን አለበት። የሱቅ ሩዝ ብታቀርብ የሚከሳት ዳኛ የለም። ሰዉ ጎንበስ ብሎ ይበላል፣ ጨዋ ነውና ምንም አይልም፣ እሷም ያንን ዝምታ እስክትሞት ትሰማዋለች። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ወይ ያ ሩዝ፣ ወይ ያ ዝምታ።

ነዶዎቹ የሚፈቱበት ቀን ሲደርስ ሰኞ ጠዋት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ተነሣ፤ ዝናብም አብሮት መጣ። ያልታሰረ ሩዝ በመጀመሪያው ነፋስ ይረግፋል። የታሰረው ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ልጡ እየተፋተገ ይበጠሳል። ሞተር ጀልባ በመንገዱ አያልፍም፤ ሁለት ቦታ ላይ ጀልባውን ተሸክሞ በየብስ መሻገር ያስፈልጋል፤ ቢያልፍም ሞተር ይዞ ሩዝ ውስጥ የሚገባ ሰው ከዚያ ወዲያ ሠርግ ላይ አይጠራም። ታንኳ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ታንኳ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ማክሰኞ ሲነጋ ኢሲዶር የዝናብ ኮቱን ደርቦ በሯ ላይ ቆመ።

«ዋርሳዬ፣ ልትሞቺ ነው አሉ። ታንኳውን ለማን ተናዘዝሽው?»

«መቅዘፍ ለሚችል። ስለዚህ አንተ አትጎምጅ።»

«እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ያንቺ ክብደት ከፊት ከሆነ፣ ድንጋይ ብንመታ እንኳ የሚሰበረው ድንጋዩ ነው።»

«ና ግባ፤ ጥርስህን ትተህ መጣህ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው ጥርስ የማደርገው?»

ታንኳዋ ኦነዚም በእጁ የሠራት፣ በሸራ የተለበጠች፣ አረንጓዴ ቀለሟ ከጥገናዋ ያነሰ አሮጊት ነበረች። ድስት ዳቦ፣ ያጨሱት ዓሣ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት መውቂያ ዱላ፣ ጫፉ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ረጅም መግፊያ ዘንግና የሸራ ድንኳን ጭነው ወጡ። በመጀመሪያው ትንሽ ሐይቅ ነፋሱ ከጎን ነበርና እየተሰዳደቡ አለፉት። ዝናቡ ግን በአንገት እየገባ በተረከዝ ይወጣ ነበር።

የመጀመሪያው የሸክም መንገድ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ። ዴልፊን የምግቡን ሣጥን በግንባር ጠፍር አዝላ፣ አንገቷን አስግጋ ከፊት ሄደች። ኢሲዶር ታንኳዋን ገልብጦ በትከሻው ደፋት፤ ከወገብ በላይ ጠፍቶ ሁለት የማይስማሙ ጉልበቶች ብቻ ቀሩት። ድምፁ ከውስጥ እንደ በርሜል ያስተጋባል።

«ዋርሳዬ! እፊቴ የሚሄደው ሙስ ነው?» አለ፤ ሙስ ከፈረስ የሚገዝፍ የዚያ አገር አጋዘን ነው።

«ሙስ ቢሆን ጥሎህ በሄደ ነበር!»

«እሱስ እውነት ነው፤ ሙስ ይፈጥናል። ሙስ ደግሞ አያማርርም።»

«አንተ ውስጥ ገብተህ ዝናብ የማይነካህ ሰው ደግሞ ስለ ማማረር ታወራለህ! ቤት ተሸክመህ እኮ ነው የምትሄደው፤ ኤሊ!»

እንዲህ እየተባባሉ ከመንገዱ ጫፍ ሲደርሱ ስድቡ ከሁለቱም አፍ ላይ ደረቀ። ሰፊው ሐይቅ ነጭ ሆኖ ነበር። ማዕበሉ አረፋውን እየነቀለ ይወረውራል፤ በዳርቻው ያሉት ጥዶች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎብጠው ሹም ፊት የቆመ ባላገር መስለዋል። ማዶው በዝናብ ተጋርዶ አይታይም። መሐል ላይ ካለችው ደሴትም ጥቁር ጀርባዋ ብቻ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል።

ኢሲዶር ታንኳዋን አወረደ፣ ሐይቁን ለረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያም ማንቆርቆሪያውን አነሣ።

«ሻይ እናፍላ» አለ።

በዚያ አገር በእንዲህ ያለ ዳርቻ ላይ «ሻይ እናፍላ» ያለ ሰው አልሻገርም ማለቱ ነው። ፈራሁ የሚል የለም፣ ፈራህ የሚልም የለም፤ እሳት ይነድዳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ነፋሱ እስኪበርድ አንድ ቀንም ይሁን ሦስት ቀን ይጠበቃል። የስንቱን ሰው ነፍስ ያተረፈ ሻይ ነው። መልሱም አንድ ነው፤ «እናፍላ» ይባላል፤ ሌላ መልስ ኖሮም አያውቅ።

ዴልፊን ግን ያን ጊዜ የሚታያት አርባ አንዱ ነዶ ነበር፤ ልጡ እንዴት እየተፋተገ እንደሆነ፣ ቋጠሮው እንዴት እየላላ እንደሆነ። አፏም እንደልማዱ ከሐሳቧ ቀደመ።

«ኦነዚም ቢሆን ሻዩን ማዶ ነበር የሚያፈላው» አለች።

ዋርሳ ለዋርሳው የፈለገውን ይላል፤ የሚከለክል ሕግ የለም። ጥርሱን፣ ጉልበቱን፣ ስንፍናውን፣ የሚስቱን ወጥ ጭምር። የሞተ ወንድሙን መዝኖ ማቅረብ ግን በዚያ ሕግ ውስጥ ይግባ አይግባ ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ማንም አድርጎት አያውቅምና። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ኢሲዶር ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀዳውን ውሃ መልሶ ደፋው። ሣጥኑን በገመድ ከታንኳዋ ጋር ጠፈረው። ከኪሱ ትንባሆ ቆንጥሮ ለሐይቁ መማለጃ ውሃው ላይ ጣለ፤ ነፋሱ ግማሹን መልሶ ልብሱ ላይ በተነበት። ከዚያ «ግቢ» አለ።

ስድብ አልጨመረበትም። ዴልፊን ያን ጊዜ ማወቅ ነበረባት።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የክንድ ሥራ ብቻ ነበር። ታንኳዋ ማዕበሉን በግንባሯ ትወጣለች፣ ጫፉ ላይ ለአንድ አፍታ ተንጠልጥላ ታስባለች፣ ከዚያ ሆዷን ጥላ ትወርዳለች። በወረደች ቁጥር አንድ ማንቆርቆሪያ የሚሞላ ውሃ በዴልፊን ጭን ላይ ይደፋል። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከፊት ነበር የሚመጣው። እጇ መቅዘፊያውን መያዙን የምታውቀው እያየችው ብቻ ነው። ደሴቲቱን በስተግራ ትተው በቀጥታ ወደ ማዶ ነበር ያመሩት፤ ከመሐል አለፉ።

ያን ጊዜ ከኋላዋ የኢሲዶር ድምፅ መጣ።

«ጎበዝ ዴልፊን። በርቺ። በጣም ጥሩ ትቀዝፊያለሽ።»

ዴልፊን ከውሃው ያልበረዳት ያህል በረዳት። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። አመስግኗትማ፣ ወንድሙን ስታገባ እንኳ «እንግዲህ ዓይኑ ከታመመ ምን ይደረግ» ነበር ያለው። ዞራ አየችው። ፊቱ የሳሙና ቀለም ይዟል፤ ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ይሞክራል፤ ያ ፈገግታ የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ፈገግታ ነበር። ታንኳዋ ውስጥ ውሃው ጉልበቱ ደርሷል። ሰውየው እየተሰናበታት ነው።

የዐሥራ ሁለተኛው ቀን ግብዣ ታያት። ሦስት የሟች ሳህን። ከሦስቱም ላይ የሱቅ ሩዝ።

ከዚያ ሩዙን ተወችው። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ እሷ ግን አንድ ነዶ አንድ ነዶ ከእጇ ሲወጣ ተሰማት። ማዶው የሚቀርበው ሩዙ ጋ ለመድረስ ነው፤ ደሴቲቱ የምትቀርበው በሕይወት ለመቆየት ነው፤ ደሴቲቱ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ በዚህ ነፋስ ከነገ ወዲያም አይወርድም።

«ዋርሳዬ!» ብላ ጮኸች። «ሻይ እናፍላ!»

ነፋሱ ወስዶት ይሆናል ብላ በድጋሚ ጮኸች።

«ሻይ እናፍላ ብዬሃለሁ! ደንቆሮ!»

ታንኳዋ ማዕበሉ ጀርባ ላይ ሳለች ዞረች። ኢሲዶር መቅዘፊያውን እንደ መሪ ተክሎ በሙሉ አካሉ ተደገፈበት፤ ዴልፊን መቅዘፊያዋን ጥላ ማንቆርቆሪያውን ጨበጠችና ውሃ መድፋት ጀመረች። አንድ ማዕበል ከኋላ መጥቶ ሁለቱንም አለበሳቸው። ሌላው አነሣቸው፤ በጀርባው አዝሎ፣ ገፍቶ፣ ልክ ሸክሙ እንደሰለቸው ሰው ከደሴቲቱ ጀርባ አራገፋቸው። እዚያ ነፋስ የለም። ውሃው ዝንጉርጉር ብቻ ነው። ታንኳዋ ጠጠሩ ላይ ክርክር ብላ ተቀመጠች።

ሁለቱም አልወረዱም። ዴልፊን ከተቀመጠችበት ውሃ ውስጥ ሳትነሣ ትተነፍሳለች።

«እንዲህ ነው ውሃ የሚደፋው?» አለ ኢሲዶር ከኋላዋ። «ከምታወጪው የምታስገቢው ይበልጣል። ወጥሽም እንዲሁ ነው።»

ዴልፊን ሳቀች። ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል በእርጥብ እጅጌዋ ጠረገችው። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ስድብ ተሰድባ አታውቅም።

ደሴቲቱ ላይ ሰዎች ነበሩ። ከደቡብ የመጡ አራት ተጓዦች፣ ኮታቸው የከረሜላ ቀለም፣ ሰማያዊ ሸራ ወጥረው ከትናንት ጀምሮ ነፋስ ያገዳቸው። በኪሳቸው «የሰው እግር ያልረገጠው» የሚለው ያ ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። መሪያቸው ብራድሊ የሚባል ረጅም ሰው ነበር፤ ሁለት የራሱ ሰዎች ከውሃ ሲወጡ ያየ ያህል ደስ ብሎት ሮጦ መጣና ሣጥኑን ተቀበላቸው። ሰው መሆኑስ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ማንበቡ ነው ያበላሸው።

«በዚህ ምድረ በዳ ውስጥ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አላቸው።

«ሩዝ ልንገዛ እየሄድን ነው» አለ ኢሲዶር። «እናንተስ? ስንት ቀን ነው የተፈረደባችሁ?»

«ዐሥራ አራት ቀን» አለ ብራድሊ፣ በኩራት።

«ይግባኝ አትሉም?»

ሳቁ፤ ደግሞም ለጋሶች ነበሩ። ውሃ ሲነካው ምግብ ነኝ የሚል የደረቀ ነገር በከረጢት አፍልተው ሰጧቸው። ዴልፊን ቀምሳ፣ አመስግና፣ ድስት ዳቦና ዓሣ አውጥታ ለአራቱም አካፈለች፤ አራቱም ከረጢታቸውን ወዲያው ረሱት። ብራድሊ ከሰማይ ጋር የሚነጋገር ትንሽ መሣሪያ ነበረውና ነፋሱ እስከ ቅዳሜ እንደማይበርድ አስታወቀ። ኢሲዶር ደግሞ ቀኝ ጉልበቱን ዳብሶ ነገ ማለዳ ይቆማል አለ። ግራው በዚህም አልተስማማም።

ረቡዕ ሙሉ ነፋሱ አልቆመም። ሁለቱ ታንኳዋን ገልብጠው ከሥሯ ተቀመጡ። ዴልፊን ልጥ ሲበጠስ ይሰማት ነበር፤ ጥርት አድርጎ፣ አንድ በአንድ፣ ከአራት ኪሎ ሜትር። ግን ያ ሰውዬ አጠገቧ ተቀምጦ አፍንጫውን እየጠረገ ነበር፣ ሕይወት አለው፣ ያማርራል። ሩዙ ያሳዝናታል፤ ይህ ግን ያሳርፋታል። ሁለቱን ስትመዝናቸው እረፍቱ እየከበደ መሄዱ ራሷንም ገረማት።

«ዋርሳዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ትናንት ዳርቻው ላይ ያልኩት ነገር...»

«ምን አልሽ? እኔ እኮ ደንቆሮ ነኝ። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«ኦነዚምን...»

ኢሲዶር አላስጨረሳትም።

«ልንገርሽ?» አለ። «ያ ወንድሜ የሚያፈላው ሻይ አያልቅም ነበር። አንድ ጊዜ ጭጋግ አየሁ ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ አፍልቷል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳየው ጭጋጉ የራሱ እሳት ጭስ ነበር። አንቺ ማዶ ያፈላል ትያለሽ! እሱ ታንኳ ይሠራል እንጂ መች ይሳፈርባታል!»

ዴልፊን እስኪያማት ሳቀች። ታንኳዋ ከላያቸው አብራ ተንቀጠቀጠች። ከሰማያዊው ሸራ ሥር አራቱ የከረሜላ ኮቶች ቀና ብለው ተያዩ። የምድረ በዳ ዝምታ የሚለው ወረቀታቸው ስለዚህ ምንም አልነገራቸውም ነበር።

ነፋሱ የቆመው ረቡዕ ማለዳም አይደለም፣ ቅዳሜም አይደለም። ሐሙስ ገና ሳይነጋ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ፤ መሣሪያውም ዋሸ፣ ጉልበቱም ዋሸ። ዴልፊን ከዝምታው የተነሣ ነቃች። ሐይቁ አንድ ሌሊት አልቅሶ እንዳደረ ፊት አብጦ ተኝቷል። ለብራድሊና ለሰዎቹ የተረፈውን ዓሣ ድንጋይ ላይ ትተውላቸው ወጡ።

ቀሪውን ውሃ በአርባ ደቂቃ ተሻገሩት። ሁለተኛው የሸክም መንገድ አጭር ነው። ዴልፊን ሣጥኑን አዝላ ስትሮጥበት ኢሲዶር ከታንኳዋ ውስጥ «ሙስየዋ ተኩላ አየች?» አለ፤ እሷ አልመለሰችለትም። መልስ እንደሌላት ሳይሆን ትንፋሽ እንደሌላት ገባውና ተወ።

ከመንገዱ መጨረሻ የውሃው ጎን ተዘርግቶ ታየ። ዴልፊን ቆመች። ከዳር እስከ ዳር ሩዙ ተላጭቷል። አገዳው ባዶውን ወዲያና ወዲህ ወድቆ፣ ገለባው በየጥጉ ተከምሮ፣ ዳክዬዎች ከውሃው ወለል የወደቀውን ፍሬ እየጠለቁ ይለቅማሉ። እነዚህኞቹ ዳክዬዎች እውነትም ፈገግ ያሉ ይመስሉ ነበር።

«ግቢ» አለ ኢሲዶር በቀስታ፣ ወዲያውም እንዳታስብበት ቶሎ ብሎ «ወይስ ተሸክሜ ላስገባሽ? ወገቤን ለግብዣው እፈልገዋለሁ» ሲል ጨመረበት።

እሱ ከኋላ ቆሞ በረጅሙ ባለ ሹካ ዘንግ ታንኳዋን እየገፋ፣ እሷ ከፊት ተንበርክካ ገቡ። በመጀመሪያ ያገኙት ነዶ ልጡ ተበጥሶ ነበር፤ አገዳው ተበትኗል፣ ፍሬ የለበትም። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ላይ የልጡ ቁራጭ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዴልፊን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች፤ መነኮሳቱ ቢያዩዋት ይኮሩባት ነበር።

ከዚያ ታንኳዋ በትንሿ ምላስ መሬት በኩል ዞረች።

ቆመዋል። አንገታቸውን እንደደፉ፣ እንደታሰሩ፣ እንደረጠቡ ቆመዋል። አንዱ ወደ አንዱ ዘንበል ብለው፣ ከዝናቡ ለመሸሽ አንድ ጣራ ሥር እንደተሰበሰቡ ሴቶች። ዴልፊን መጀመሪያ መቁጠር አልደፈረችም። ቀጥላ ቆጠረች። ከዚያ ስላላመነች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቆጠረች።

«ሃያ ስምንት» አለች።

«አርባ አንድ ነው ያልሽን።»

«ሃያ ስምንት!»

«እሺ፣ እሺ። አትጩሂብኝ፣ እኔ አልበላሁት። ግን አየሽ፣ ሹሩባ መሥራት አትችይም ብለናል።»

አንዱን ፈታች። ልጡ በውሃ አብጦ ቋጠሮው ስለጠበቀ በጥርሷ ነበር የፈታችው። አገዳዎቹ ቀስ ብለው ቀና ሲሉ በአንዱ ዱላ ወደ ታንኳዋ አጎነበሰቻቸው፣ በሌላው ዳበሰቻቸው። መምታት አይደለም፤ ፀጉር እንደማበጠር ነው። ፍሬው ሸራው ላይ ዘነበ። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ሲሰሙ ለከረሙ ሁለት ሰዎች ያ ድምፅ ዝናብ አለመሆኑ ብቻ ይበቃቸው ነበር። አንዷን ፍሬ ልጣ ጥሬዋን አኘከች። ወተቷ ደርቋል፤ ደርሳለች።

«እንዴት ነው?» አለ ኢሲዶር።

ዴልፊን አፏ ሙሉ ስለነበር በእጇ ግፋ አለችው።

ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሩዙ ከታንኳዋ ወለል ተነሥቶ የዴልፊንን ጭን ደረሰ፤ አረንጓዴና ሐምራዊ፣ ጢሙ የቆመ፣ ትንንሽ ትሎች የሚሯሯጡበት። ለግብዣው ይተርፋል። ለኦነዚም ሳህን፣ ለመንደሩ ሁሉ፣ ሹሩባ ነው ብለው ለሳቁትም ጭምር፤ እነሱን ሁለት ጊዜ አስነሥታ ልታስበላቸው ወስናለች። የመጨረሻውን ልጥ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች፣ መውቂያ ዱላዎቹን አስቀመጠች፣ ሩዙ ላይ በጎኗ ጋደም አለች። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነበር ያሰበችው።

ታንኳዋ ከመንገዱ ዳርቻ ሳትደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ኢሲዶር ብቻውን እየገፋ ብቻውን ሰደባት። እንቅልፏን ሰደበ፣ ማንኮራፋቷን ሰደበ፣ በክሊኒክ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሰው ቆሞ መተኛት ይማራል ብሎ ሰደበ፤ የምትመልስለት ስለጠፋች ወደ አማቶቿ ዞሮ፣ እነሱ የገዛ ወላጆቹ መሆናቸው ትዝ ሲለው ተመለሰ። ከበላያቸው ቀጭን ካፊያ ጀመረ፤ ነፋስ የሌለበት፣ ክፋት የሌለበት። ኢሲዶር ዘንጉን አስቀምጦ የዝናብ ኮቱን አወለቀና በጥንቃቄ አለበሰ፤ እሷን ሳይሆን ሩዙን።

ዴልፊን ዓይኗን ሳትገልጥ «በዚህ ጥግ አልደረሰም፣ ሳበው» አለችው።